ቡናማው ከለር አለቀ

በጥር ወር ሰርግ ቤት ሥራ የማይገኝለት ሰው የለም ይባላል። ውሸት ነው። ሽንኩርት ክተፍ ሲሉት ጣቱን የሚከትፍ፣ ዳስ ሲተከል ማገር አቀብል ሲሉት ምሰሶውን የሚነቅል፣ ጠላ ቅዳ ሲሉት እንግዳው ጭን ላይ የሚቀዳ ሰው አለ። ሉማሜ ላይ እንዲህ ያለውን ሰው «ሂድልን» አይሉትም፤ ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። ከወጥ ቤት አንዷ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ትመጣና «ጋሼ፣ እርስዎማ እዚህ ምን ይደክማሉ፤ ልጆቹን ብቻ ቢይዙልን ትልቅ ነገር ነው» ትለዋለች። እኔ በዚህ ሹመት ላይ የቆየሁ ሰው ነኝ።

ሹመቱን ቀላል አድርጎ የሚያይ ካለ አንድ ቀን ይሞክረው። ጥር የሰርግ ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤት የግማሽ ዓመት ዕረፍትም ሰሞን ነውና የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ቤት ነው ያለው። ድግስ ቤት እንዳይገቡ እሳትና የፈላ ድስት አለ። መንገድ እንዳይወጡ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚከንፈው መኪና ከተማችንን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። መብራት ጠፍቷል። ስልኬን እንዳልሰጣቸው ባትሪው ከትዕግሥቴ ቀድሞ ያልቃል። የቀረን ወረቀትና እርሳስ ነበር።

ማሚቱ ባለ 12 ከለር ፓኮዋን በብብቷ ይዛ መጣች። ማሚቱ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ይህን እኔ ብረሳ እሷ ታስታውሰኛለች። አቡሽ አምስት ዓመቱ ነው፤ ኩኩ ስድስት። የሌሎቹን ስም መያዝ አልቻልኩም፤ አንዱ ሲወጣ ሁለት ይገባል።

ምን ይሣል? ቤት ካልን ሁሉም ያንኑ ሁለት መስኮት ያለውን የቆርቆሮ ቤት ነው የሚሥለው። ሰው ካልን «ይሄ አንተ ነህ»፣ «አይደለም አንተ ነህ» ተባብለው ይደባደባሉ። ስለዚህ ፕላኔት አልኩ። ፕላኔት ክብ ነው፤ ጆሮ የለው፣ እግር የለው፣ ማንንም አይመስልም።

ክብ ግን የዋዛ ነገር አይደለም። የአምስት ዓመት ልጅ ክብ ሲጀምር ያምርበታል፤ ጉዱ ሲዘጋው ነው። መነሻውና መድረሻው አይገናኙም፤ ከተገናኙም ተጋጭተው ነው። እጃቸውን ይዤ ላዙር እንዳልል የእነሱ እጅ ብዙ፣ የእኔ ሁለት። እንዲህ ሲሆን ነው የሰርግ ቤት በረከት የሚታወቀው፤ የለስላሳውና የቢራው ቆርኪ ግቢውን ሞልቶታል። አንድ እፍኝ ለቅመን ገባን። ቆርኪውን ሉኩ ላይ ደፍቶ ዙሪያውን በእርሳስ መከተል ነው። ዳሩ ጥርስ ጥርስ ያለው ክብ ይወጣል። «ይሄ ምንድን ነው?» ብዬ ጥርሱን ሳሳየው አቡሽ «ተራራው ነዋ» አለኝ። የጎጃም ልጅ ተራራ የሌላት ምድር አይሥልም፤ ተቀበልኩት።

ማሚቱ ግን የተማረች ናት። «ጋሼ፣ ሁሉም በአንድ ቆርኪ ይለካሉ እንዴ? ጁፒተር ትበልጣለች እኮ» አለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ ቆርኪውን ለምድር ሰጠንና ሌሎቹን በዚያ ልክ ማፈላለግ ያዝን። ቤታችሁ መሞከር ብትፈልጉ ዕቃው ሁሉ ማጀት ውስጥ አለ። ምድር ቆርኪ ከሆነች ጨረቃ ሽምብራ ናት፤ የምትቀመጠውም ከቆርኪው አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብላ ነው። ሜርኩሪ ከባቄላ አትበልጥም። ማርስን በካፖርቴ ቁልፍ አወጣናት። ቬነስ ከምድር የምታንሰው በጥቂቱ ስለሆነ ሌላ ቆርኪ ደረሳት። ለኡራኑስና ለኔፕቱን የሻይ ስኒ ማስቀመጫ ይበቃል። ጁፒተር ግን ወርዷ የምድርን 11 እጥፍ ነው፤ ለእሷ ትንሽዬ ሰፌድ ያስፈልጋል። ሰፌዱ ደግሞ ያለው ሰርግ ቤት ነው። ኩኩ ሄዳ ይዛው ስትሮጥ ከኋላዋ የተሰማውን እርግማን እዚህ አልጽፈውም።

«ፀሐይስ?» አለ አንዱ።

በዚህ ልክ ፀሐይ ሦስት ሜትር ተኩል ወርድ አላት። ከሉክም፣ ከግድግዳም በላይ ነው። አቡሽ ብዙም ሳያስብ «ዳሱ ነዋ!» አለ። ጥሩ መልስ ነው፤ ዳሱን በፀሐይነት ሾምነው። ማሚቱ ግን አሁንም የተማረች ናትና ምድርና ፀሐይ ምን ያህል ይራራቃሉ ብላ ጠየቀች። ስልኬ ላይ አሰላሁት። ቆርኪያችን ከዳሱ 375 ሜትር ያህል መራቅ ነበረበት፤ የሚለያቸው ግን አንድ አጥር ብቻ ነው። «ተቃጥለን አልቀናል በሉኛ!» አለች። ኔፕቱን በዚሁ ልክ ብትቀመጥ ደግሞ አስፋልቱን ይዘው ወደ ደብረ ማርቆስ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዱላታል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ የጠየቁኝ ባጃጅ እስከዚያ ስንት እንደሚያስከፍል ነው።

መጽሐፍ ላይ ፕላኔቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የሚቆሙት ወረቀት ስለማይበቃ ነው። ይህን ለትንሽ ልጅ ማስረዳት ያስቸግራል የሚል መምህር ገጥሞኛል። ባዶ እጁን ሆኖ ከሆነ እውነቱን ነው፤ ባቄላና ሰፌድ የያዘ ሰው ግን አይቸገርም።

ወደ ቀለሙ ስንገባ ሌላ ጣጣ መጣ። ማርስ ቀይ ናት አልኳቸው። ማሚቱ ቀዩን ከለር «ያልቅብኛል» ብላ ጨበጠች። ኩኩ ወጣ ብላ ከጓሮ አንድ ቁንጥር ቀይ አፈር ይዛ ተመለሰች፤ በምራቋ ለወሰችውና ክቡ ውስጥ በጣቷ ለቀለቀችው። «ኧረ በስማም፣ ቆሻሻ!» ብላ ማሚቱ ጮኸች። ሥራው ግን እንከን የለውም። ማርስ የቀላችው አቧራዋ የዛገ ብረት ስላለበት ነው፤ የጓሯችን አፈርም ቅላቱን ያገኘው ከዚያው ከብረት ዝገት ነው። ማርስን ለመሣል ከፓኮ ከለር ይልቅ የጎጃም አፈር ይቀርባታል።

ጁፒተር ሰፌድ ሙሉ ቡናማ በላች። ብርቱካናማና ነጣ ያለ መስመር ጣል ጣል ቢደረግባትም ዋናው ቡናማ ነው። ቀዩ ነጥቧ ምንድን ነው አሉኝ። ማዕበል ነው፤ ስፋቱ ከምድር ይበልጣል። የሰማይ ተመልካቾች ሳያቋርጡ ሲከታተሉት 150 ዓመት ሊሞላው ነው፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጎጃምን ሲገዙ ይነፍስ ነበር፣ ዛሬም አላባራም። «ታዲያ ዳሳቸውን እንዴት አድርገው ይተክሉታል?» አለ አቡሽ። ነፋስ አንድ ጊዜ የሰፈር ዳስ ገልብጦ አይቷል፤ ጭንቀቱ የማያውቁት ሰው ጭንቀት አይደለም።

ሳተርን ላይ ስንደርስ አባባ ከሰርግ ቤት አንድ ሁለት ቀምሰው ከዘራቸውን እያንኳኩ ገቡ። ሥዕሉን አየት አድርገው «ይቺ ባርኔጣ ያደረገችው ማን ትባላለች?» አሉ። ባርኔጣ ሳይሆን ቀለበት ነው፤ አብዛኛው በረዶ ነው፤ ዙሪያዋን ይዞራታል አልናቸው። «ታዲያ ይሄ ምኑ ይደንቃል? ጎጃምም ቀለበት አላት። አባይ ነው» አሉና አባይ ከጣና ወጥቶ በምሥራቅ ወርዶ፣ በደቡብ ታጥፎ፣ በምዕራብ እንዴት እንደሚወጣ በከዘራቸው ጫፍ ወለሉ ላይ አዞሩልን። ከዚያ በኋላ ለሳተርን ሰማያዊ ቀለበት ያላደረገላት ልጅ አልነበረም። እኔም አልተከራከርኩም፤ ቡናማው ከለር ሊያልቅ አንድ ጣት ቀርቶታል።

ኡራኑስ በጎኗ ተጋድማ ነው የምትዞረው። ይህን ስናገር አንዱ ልጅ «ጠጥታ ነው» አለ፤ አባባ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 84 ዓመት ይፈጅባታል። አባባ ዕድሜያቸው ሲጠየቅ «ጣሊያን ሲወጣ ድክ ድክ እል ነበር» ነው መልሳቸው። እንግዲህ በኡራኑስ ቢቆጠር ገና የአንድ ዓመት ሕፃን ናቸው ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ድዳቸውን አሳይተው ሳቁ። «እንግዲያው ጥርሴ ገና ሊበቅል ነዋ!» አሉ። አቡሽ የእሱንስ ብሎ አፋጠጠኝ። ሜርኩሪ ፀሐይን በ88 ቀን ስለምትዞር እዚያ ቢወለድ ሃያ ዓመት አልፎታል። «እኔንም ዳሩኝ» አለ። አባባም ሚስቱን ካገኘ ዳሱ ሳይነቀል ይጠቀምበት አሉ።

ስለ ፕሉቶ ብዙ አልልም። እኛ ስንማር ዘጠኝ ነበሩ። ነሐሴ 1998 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ተሰብስቦ ፕሉቶን ከፕላኔቶች መዝገብ አወጣት። እኔ ያየኋቸው አንዳንድ የአፀደ ሕፃናት ግድግዳዎች ላይ ግን እስካሁን ቦታዋን ይዛ ተቀምጣለች፤ ቀለም ቀቢው አልሰማም።

ትልቁ ጠብ የተነሣው በጨረቃ ነው።

አቡሽ ጨረቃን ሣላት፤ በጀርባዋ ተጋድማ፣ ሁለቱ ቀንዶቿ ወደ ላይ ሆነው። ማሚቱ ወረቀቱን ነጠቀችው። «ጨረቃ እንዲህ አይደለችም! ትቆማለች!» ብላ ላጲሷን መዘዘች። እውነትም መጽሐፏ ላይ ያለችው ጨረቃ ቆማለች። እኔ የማውቃቸው የልጆች መጻሕፍት፣ የክፍል ግድግዳዎች፣ የደብተር ሽፋኖች ሁሉ ላይ ቆማለች። አቡሽ የወረቀቱን ጫፍ ይዞ እየጎተተ፣ ንፍጡና እንባው ተደባልቆ፣ «ትናንት ማታ ተኝታ ነው ያየኋት!» ይላል። ወረቀቱ ለሁለት ተቀደደ። ሌሎቹም ወገን ለይተው ቆሙ፤ የሚበዙት ከማሚቱ ጋር ናቸው። መጽሐፍ የያዘ ሰው ወገን አያጣም።

እኔ ዳኛ ሆኜ ነገሩን ለማታ ቀጠርኩት፤ ምስክሯ ራሷ ትምጣ አልኩ።

ፀሐይ እንደጠለቀች ሁላችንም ጓሮ ወጣን። በጥር የሉማሜ ሰማይ ጥርት ያለ ነው፤ መብራቱ መጥፋቱም ለአንድ ነገር ጠቀመ። ጨረቃ ገና የጥቂት ቀን ናት፤ በምዕራብ በኩል፣ ልክ አቡሽ እንዳላት፣ በጀርባዋ ተንጋላለች። ሁሉም ዝም አሉ። ማሚቱ አንገቷን ወደ ትከሻዋ አዘነበለች፤ እንድትቆምላት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨረቃ የምትበራው ወደ ፀሐይ በዞረው ጎኗ ብቻ ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች እኛ ዘንድ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ታች ቀጥ ብላ ነው፤ አዲስ ጨረቃም ከበላይዋ ትቀርና የሚበራላት የታችኛው ጎኗ ይሆናል። እንደ ወሩ ትንሽ ታዘነብላለች፤ በጥርና በየካቲት ግን ጭራሽ ትጋደማለች። አውሮፓ ላይ ፀሐይ ወደ ጎን ተንሸራታ ስለምትገባ የእነሱ ጨረቃ በጎኗ ትበራለች፤ ትቆማለች። የልጆቹን መጽሐፍ መጀመሪያ የሣሉት ሰዎች የሣሉት በደጃቸው የምትወጣውን ጨረቃ ነው፤ ማንም አይፈርድባቸውም። እኛ ግን የእነሱን ጨረቃ ግድግዳችን ላይ ሰቅለን የራሳችንን ጨረቃ የሣለውን ልጅ በላጲስ እናሳድደዋለን።

ማሚቱ ጥቂት አሰበችና «መጽሐፉ ተሳስቷል?» አለች። አልተሳሳተም፤ አገሩ ሌላ ነው አልኳት። ይህ መልስ እንዳልተዋጠላት ፊቷ ይናገራል። ለአቡሽ ግን አዲስ ሉክ ሰጠችው።

ከአጥሩ ወዲያ ከሰርጉ የሚመለሱ አንድ መሪጌታ ቆመው ሲሰሙን ኖሯል። አቡሻክር የሚያውቁ፣ ዋሸራ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው፤ የሙሽሮቹንም ኮከብ፣ ስማቸውን ከእናታቸው ስም ደምረው በ12 ገድፈው የቆጠሩት እሳቸው ናቸው ተብለው ይታማሉ። «ስንት ናቸው ብላችሁ ሣላችኋቸው?» አሉ። ማሚቱ ስምንት አለች። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ሰባት ናቸው» ብለው ዙሐል፣ መሽተሪ፣ መሪኅ እያሉ ፀሐይንና ጨረቃን ጨምረው በጣታቸው ቆጠሩ። በጥንቱ ቆጠራ ልክ ናቸው፤ ምድር ደግሞ ከቁጥሩ የለችም፤ የቆምንባት ናት። እኔ ዘጠኝ የተማርኩ ነኝ። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ሆነን ሳንስማማ ተለያየን። ነገሩን ለማለዘብ ብዬ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የላይኛውን የሰማይ አየር የሚያጠናበት ቤተ ሙከራ ስሙ ዋሸራ መሆኑን ነገርኳቸው። «ስሙን ከወሰዱማ ቅኔውንም ይቁጠሩ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ቤት ስንገባ እማማ ሻማ አብርተው የማታውን ቡና እያፈሉ ነው። ማሚቱ «ከስምንቱ ሌላ ፕላኔት የለም?» አለች፤ የመሪጌታ ሰባት አሳንሶባት ነው መሰለኝ። አለ እንጂ፤ በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ ከ5,000 በላይ ተገኝተዋል። አንዷ እንዲያውም የኛ ስም አላት። ያው ፕሉቶን ያወጣት ኅብረት 100 ዓመት የሞላበትን በዓል ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጠ፤ ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቷ አቦል ተብለው ተመዘገቡ። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና የተወነጨፈችውም በዚያው ሳምንት፣ ታኅሣሥ 10 ነው፤ የሳተላይቷ ወሬ የአቦልን ወሬ ዋጠው። ቡና ያለችው አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው። አንድሮሜዳ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ እናቷ በውበት ጉራዋን ነዝታ ልጅቷን ለባሕር አውሬ አሰጠቻት። ቡና ያለ መነጽር አትታይም እንጂ ከእሷ ተነሥቶ ዛሬ ማታ የሚደርሰን ብርሃን ወደ 200 ዓመት ተጉዟል፤ ሲነሣ አገራችን ዘመነ መሳፍንት ላይ ነበረች።

እማማ ጀበናቸውን አጋድመው ሰሙኝ።

«ኮከቧ ቡና፣ ልጇ አቦል?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ቶናዋስ? በረካዋስ?»

እስካሁን በዚያ ኮከብ ዙሪያ የተገኘችው አንዷ ብቻ ናት አልኳቸው። «አቦል ብቻ ጠጥቶ የሚነሣ ቤት አይባረክም። ደህና አድርገው ይፈልጉ» አሉ። የኅብረቱ አድራሻ የት እንደሆነም ጠየቁኝ።

ልጆቹ ያንኑ ሌሊት አቦልን ካልሣልን አሉ። ከለሯ ምንድን ነው? ማንም አላያትም። ሰዎች የደረሱባት ኮከቧን ወዲያና ወዲህ ስትጎትታት ለክተው ነው፤ ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ እንደምትከብድ ያውቃሉ፣ መልኳን ግን አያውቁም። እንዲህ ያለ ፕላኔት ለልጅ ገነት ነው፤ አርሙ የሚል የለም። ሁሉም ግን በአንድ ድምፅ ቡናማ አሉ፤ አቦል ናታ! ቡናማውን ደግሞ ጁፒተርና ሳተርን ጨርሰውታል። ማሚቱ ፓኮውን ገልብጣ አራገፈችው፤ የለም። ኩኩ ብድግ አለች፣ ከእማማ ረከቦት አጠገብ የተደፋውን የቡና አተላ በጣቷ ዛቀችና አቦልን ቀባቻት። በዚህ ጊዜ ማሚቱም አልጮኸችም፤ ተራዋን ጠበቀች። ሥዕሎቹ እስኪደርቁ ቤቱ በሙሉ ቡና ቡና ሸተተ።

እንግዲህ የአፀደ ሕፃናት ግድግዳ የምትቀቡ፣ የልጆች መጽሐፍ የምታሳትሙ ወገኖች ሆይ፣ ጨረቃዋን አስተኙልን፣ ፕሉቶን አውርዱ፣ አቦልንም አንድ ጥግ ላይ ጨምሩልን። ከለር የምታስመጡ ነጋዴዎችም በየፓኮው ቡናማውን ሁለት ብታደርጉት ገበያው አለ።